የጨው ባሕር ሐምራዊ ሽፋን፤ ስለ ብርሃን፣ ስለ ፕሮቶንና ለምርምር ስለሚገባው ክብር

በአገራችን ለምርምር የሚሆን ገንዘብ በሚመደብበት ጉባኤ ሁሉ አስቀድሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ይህ ጥናት ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅም ምንድን ነው? ጥቅሙስ በስንት ዓመት ውስጥ ይገኛል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት፣ መንገድና የመጠጥ ውኃ ገና ባልተሟላበት አገር ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል መጠየቅ የሹሙ ግዴታ፣ የዜጋውም መብት ነው። ዳሩ ግን ለዚህ ጥያቄ ወዲያው መልስ የማይገኝለት ጥናት ሁሉ ከንቱ ነው ተብሎ የሚጣል ከሆነ ምን ያህል ጉዳት እንደሚደርስ የሚያስረዳ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለና፣ እርሱን ከነዝርዝሩ ለአንባቢ ላቀርብ ወደድሁ። የታሪኩ ባለቤት ንጉሥ ወይም ጀግና አይደለም፤ ጨው በበዛበት ውኃ ውስጥ የሚኖር፣ ያለ ማጉያ መነጽር የማይታይ ደቂቅ ፍጥረት ነው፤ ፍሬ ነገሩም ይህ ፍጥረት የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ፣ በብርሃኑ ኃይል ፕሮቶን የሚባለውን ቅንጣት ከሰውነቱ ወደ ውጭ የሚያወጣበት ጥበብ ነው።

ፍጥረቱ በሊቃውንት ዘንድ ሃሎባክቴሪየም ሳሊናረም ይባላል። ስሙ ባክቴሪያ ቢያስመስለውም ወገኑ ከባክቴሪያ ሳይሆን፣ አርኪያ ተብለው ለብቻቸው ከተመደቡት ደቂቃን ነው። የሚኖረውም የባሕር ውኃ በፀሐይ እየደረቀ ጨው በሚመረትባቸው ኩሬዎችና ጨው በሞላባቸው ሐይቆች ውስጥ ሲሆን፣ የሚስማማው ጨውነት ከተለመደው የባሕር ውኃ ስድስትና ሰባት እጥፍ የሚበልጥ ነው፤ ሌላው ፍጥረት በሰውነቱ ያለው ውኃ ተመጥጦ በሚሞትበት ስፍራ እርሱ በደኅና ይራባል፤ በንጹሕ ውኃ ውስጥ የጨመሩት እንደ ሆነ ግን ፈንድቶ ይበተናል። አስቀድሞ በሰው ዘንድ የታወቀው በበጎ ሥራው አልነበረም፤ በጨው ታሽቶ በተቀመጠ ዓሣና ቆዳ ላይ ቀይ ቀለም እያወጣ ንብረት የሚያበላሽ በመሆኑ ነጋዴዎች ይጠሉት ነበር። የጥቅም ጥያቄ ያን ጊዜ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ፣ መልሱ «እንዴት እንደሚጠፋ ይጠና» ከማለት ባላለፈም ነበር።

ዋልተር ሽቶኬኒዩስ የተባለው ጀርመን ተወላጅ ሊቅ ይህን ፍጥረት የመረጠው ግን ለማጥፋትም ለመጥቀምም አስቦ አይደለም። እርሱ ማወቅ የፈለገው ማንኛውም ሕዋስ ውስጡን ከውጭው የሚለይበት ያ ስስ ሽፋን እንዴት እንደ ተሠራ ነበር፤ ለዚህም የጨው ፍጥረት ሽፋን ሥራውን አቀለለለት፣ ምክንያቱም ሕዋሱን በንጹሕ ውኃ ውስጥ በጨመረው ጊዜ ሌላው ሁሉ ሲበታተን አንድ ክፍል ብቻ ሳይፈርስ ይቀራልና፤ ይህም ክፍል ሐምራዊ ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ወዳለው ቤተ ሙከራው ዲተር ኦስተርሄልት የተባለ ወጣት የኬሚስትሪ ሊቅ ከሙኒክ መጥቶ አብሮት መሥራት ጀመረ፤ የእንቁራሪትን ዓይን በኤክስሬይ መርምሮ የነበረው አለን ብላውሮክም በዚያው ባልደረባቸው ነበር። ኦስተርሄልት ሐምራዊው ሽፋን ቅባት በሚያሟሟ ኬሚካል ሲነካ ወደ ቢጫነት እንደሚለወጥ ባየ ጊዜ፣ ይህ የቀለም ለውጥ በዓይን ውስጥ ካለው ቀለም ጋር ዝምድና ሳይኖረው አይቀርም ብሎ ተከታተለው፤ በመጨረሻም ሽፋኑን ሐምራዊ ያደረገው ነገር ሬቲናል መሆኑን አረጋገጠ። ግኝቱም በ1971 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ።

ሬቲናል ከቫይታሚን ኤ የሚገኝ ቅመም ነው፤ የሰውም የእንስሳም ዓይን ብርሃንን የሚቀበለው በእርሱ ነው። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ሰው ፀሐይ ከገባች በኋላ ማየት የሚሳነውና ዳፍንት የሚይዘው፣ በዓይኑ ውስጥ ያለው ሬቲናል ስለሚያንስ ነው፤ በአገራችን ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ለሆኑ ሕፃናት በዓመት ሁለት ጊዜ የቫይታሚን ኤ እንክብል የሚሰጠውም አንደኛው ምክንያት ይህ ነው። እንግዲህ ዓይን የሌለው፣ የሚያየውም ነገር የሌለው ደቂቅ ፍጥረት የዓይንን ቅመም በሽፋኑ ላይ መሸከሙ እንዴት እንደሚያስደንቅ አንባቢ ይገነዘበዋል። እነዚያ ሊቃውንትም በዚህ ነገር ተደንቀው አልቀሩም፤ በጨለማ የነበረውን ፍጥረት ብርሃን ሲያበሩበት በዙሪያው ያለው ውኃ አሲድነት እንደሚጨምር ለኩ። የአሲድነት መጨመር ማለት የፕሮቶን መብዛት ማለት ነው፤ ስለዚህ በ1973 እ.ኤ.አ. ሐምራዊው ሽፋን ብርሃንን ለማየት ሳይሆን በብርሃን ለመሥራት የተሰጠ እንደ ሆነ፣ ሥራውም ፕሮቶንን ከውስጥ ወደ ውጭ ማውጣት እንደ ሆነ አስታወቁ። ጨው የበዛበት ውኃ ኦክስጅን አይበዛበትም፤ ፍጥረቱም ይህን ሽፋን አብዝቶ የሚሠራው ኦክስጅን ባጠረው ጊዜ ነው፤ በመተንፈስ የሚያገኘው ኃይል ሲጎድልበት በብርሃን ይተካዋል።

በዚያ ሽፋን ውስጥ ያለው ፕሮቲን ባክቴሪዮሮዶፕሲን ይባላል፤ አሠራሩም ከተፈጥሮ ሥራዎች ሁሉ እጅግ በጠራ ሁኔታ ከተመረመሩት አንዱ ስለ ሆነ በዝርዝር መናገር ይገባል። ፕሮቶን ማለት ኤሌክትሮኑን ያጣ የሃይድሮጅን አቶም ነው። የሕዋስ ሽፋን ከቅባት የተሠራ በመሆኑና የኤሌክትሪክ ሙል የያዘ ቅንጣት ቅባትን አልፎ መሄድ ስለማይችል፣ ፕሮቶን በራሱ ሽፋኑን ተሻግሮ አይወጣም አይገባም፤ የሽፋኑ ውፍረት አምስት ናኖሜትር፣ ማለት የአንድ ሚሊሜትር ሁለት መቶ ሺኛ ክፍል ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ለፕሮቶን እርሱ የማይታለፍ ወሰን ነው። ባክቴሪዮሮዶፕሲን 248 አሚኖ አሲዶች በተርታ የተያያዙበት ሰንሰለት ሲሆን፣ ይህ ሰንሰለት ሰባት ጊዜ በሽፋኑ ውስጥ እየተመላለሰ ከዳር እስከ ዳር የሚደርሱ ሰባት ጥምዝ ምሰሶዎች ይሆናል። በሰባቱ ምሰሶዎች መካከል ባለው ጠባብ ስፍራ ሬቲናል ተጋድሞ ይገኛል፤ አንደኛው ጫፉ 216ኛ ሆኖ ከተሰለፈው ላይሲን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ጋር ተጋጥሟል፤ በመጋጠሚያውም ላይ አንድ ፕሮቶን ተቀምጧል።

ብርሃን፣ ይልቁንም ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላው ብርሃን፣ በሬቲናሉ ላይ ሲያርፍ ቀጥ ብሎ የነበረው ሬቲናል ከ13ኛው ካርቦኑ ዘንድ ይታጠፋል፤ ይህም የሚፈጸመው የአንድ ሴኮንድ ትሪሊዮንኛ ክፍል ግማሽ በሚያህል ጊዜ ነው። ሬቲናሉ በመታጠፉ በመጋጠሚያው ላይ የነበረው ፕሮቶን ስፍራው ስለማይስማማው፣ ወደ ውጭ በሚመለከተው በኩል 85ኛ ወደ ሆነው አስፓርቲክ አሲድ ይዛወራል፤ በዚህም ምክንያት ከፕሮቲኑ ውጫዊ ጫፍ ሌላ ፕሮቶን ተለቆ ወደ ጨዋማው ውኃ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ባዶ የቀረው መጋጠሚያ ወደ ውስጥ በሚመለከተው በኩል ካለው ከ96ኛው አስፓርቲክ አሲድ ምትክ ይቀበላል፤ 96ኛውም በተራው ከሕዋሱ ውስጥ የራሱን ምትክ ይወስዳል፤ ሬቲናሉም እንደ ቀድሞው ይቃናል፤ ዙሩ ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የአንድ ሴኮንድ መቶኛ ክፍል ያህል ይፈጃል። በዙሩ መካከል ፕሮቲኑ ሐምራዊነቱን ትቶ ለጊዜው ቢጫ ስለሚሆን፣ ሊቃውንት የቀለሙን መለዋወጥ እየተከተሉ እያንዳንዱ እርምጃ መቼ እንደሚፈጸም ለመለካት ችለዋል።

ነገሩን በሚገባ ላሰበው ሰው ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ፕሮቶኑ በሄደበት መንገድ ወደ ውስጥ ተመልሶ የማይመጣው ስለ ምንድን ነው የሚለው ነው፤ ፍጥረት ሁሉ ከበዛበት ወደ አነሰበት መሄድ ጠባዩ ሆኖ ሳለ፣ ይህ ቅንጣት ካነሰበት ወደ በዛበት፣ ያውም ሳይመለስ እንዲሄድ የሚያደርገው ምን እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ለብዙ ዓመታት ተከራክረውበታል። የመልሱ ፍሬ ነገር በቅደም ተከተል ላይ ያለ ነው፤ መጋጠሚያው ፕሮቶኑን ወደ ውጭ ከሰጠ በኋላ ፕሮቲኑ በጥቂቱ ተንቀሳቅሶ የውጭውን መንገድ ይዘጋል፣ የውስጡን ይከፍታል፤ ስለዚህ የሰጠው ወደ ውጭ ቢሆንም የሚቀበለው ከውስጥ ይሆናል። የአንዲት ቅመም መታጠፍ ይህን ያህል የተሰናዳ ሥርዓት የሚያስከትል መሆኑን ሳስብ እኔ ከአንክሮ ውጭ ሌላ ቃል አላገኝም፤ በሥነ ፍጥረት ትምህርት ብርሃን በመጀመሪያው ቀን መፈጠሩን እየሰማ ያደገ ሰው የብርሃን ግብር በዚህ ረቂቅ ስፍራ ሲገለጥለት ልቡ ሊነካ ይገባል እላለሁ።

ይህ ፕሮቶንን የማውጣት ሥራ ለፍጥረቱ ምን እንደሚረባው ለመረዳት ደግሞ ወደ ሌላ ሊቅ ታሪክ ማለፍ ያስፈልጋል። ፒተር ሚቸል የተባለው እንግሊዛዊ በ1961 እ.ኤ.አ. በኤዲንብራ ሳለ፣ ሕያዋን ሁሉ ከምግብ ወይም ከብርሃን ያገኙትን ኃይል ኤቲፒ ወደሚባለው የሕዋስ ስንቅ የሚለውጡት፣ አስቀድመው ፕሮቶንን ከሽፋን ወዲያ ማዶ በማከማቸት ነው የሚል ሐሳብ አሳተመ። እንደ እርሱ አባባል፣ በግድብ ወደ ኋላ የተያዘ ውኃ በጠባብ መተላለፊያ ሲወርድ መዘውር አዙሮ ኃይል እንደሚሰጥ፣ በሽፋን ማዶ የተከማቸውም ፕሮቶን በተዘጋጀለት መግቢያ ሲመለስ ኤቲፒን ያሠራል ማለት ነው። የዘመኑ ሊቃውንት አብዛኞቹ ይህን አልተቀበሉትም፤ በምግብ መቃጠልና በኤቲፒ መሠራት መካከል የሚያገናኝ አንድ ኬሚካል አለ ብለው ለዓመታት ሲፈልጉ ነበርና፣ ኬሚካሉ አለመገኘቱ የሐሳባቸውን ስሕተት የሚያሳይ ሆኖ አልታያቸውም። ሚቸል በበኩሉ ጤናው ታውኮ የዩኒቨርሲቲ ሥራውን ለቀቀ፤ በኮርንዎል ግዛት በቦድሚን ከተማ አጠገብ ግሊን የሚባል ያረጀ ታላቅ ቤት አሳድሶ፣ ከረጅም ጊዜ ባልደረባው ከጄኒፈር ሞይል ጋር በዚያ ትንሽ ቤተ ሙከራ አቋቋመና ምርምሩን ቀጠለ።

ክርክሩን ወደ ፍጻሜው ካደረሱት ማስረጃዎች አንደኛው የመጣው ከጨው ውኃው ፍጥረት ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር ኤፍሬም ራከር ከሽቶኬኒዩስ ጋር ሆኖ የሠራውን ሙከራ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ካሉት እጅግ ካማሩት ሙከራዎች መካከል እቆጥረዋለሁ። ከአኩሪ አተር ቅባት ወስደው ከሕዋስ ሽፋን ጋር የሚመሳሰሉ ባዶ ከረጢቶች አዘጋጁ፤ በእነዚህ ከረጢቶች ሽፋን ላይ ከሃሎባክቴሪየም የወጣውን ሐምራዊ ፕሮቲን ተከሉ፤ ከዚያም ከበሬ ልብ ውስጥ ኤቲፒ የሚሠራውን ኤንዛይም አውጥተው ጨመሩበት። ብርሃን ሲያበሩበት ኤቲፒ ተሠራ፤ ብርሃኑን ሲያጠፉት ሥራው ቆመ። አኩሪ አተር፣ በሬና የጨው ባሕር አርኪያ በፍጥረት ሥርዓት እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ በሦስቱ መካከል የሚያገናኝ ልዩ ኬሚካል ይኖራል ብሎ የሚከራከር ሰው ከዚህ በኋላ የሚይዘው ነገር አልቀረለትም፤ በሐምራዊው ፕሮቲንና በበሬው ኤንዛይም መካከል የሚመላለሰው ፕሮቶን ብቻ ነበርና። ሚቸል በ1978 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። እኔ ይህን ጽሑፍ ስጽፍ፣ አንባቢም ሲያነብ፣ በእያንዳንዳችን ሕዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት ክፍሎች ይኸው የፕሮቶን መውጣትና መመለስ ያለ ዕረፍት ይፈጸማል፤ አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራውና የሚያጠፋው ኤቲፒ ቢደመር የራሱን ክብደት ያህል ይሆናል።

የጨው ውኃው ፍጥረት ሐምራዊ ሽፋን ሌላም ያልታሰበ ፍሬ ሰጠ። በሽፋኑ ውስጥ ፕሮቲኖቹ ሦስት ሦስት እየሆኑ እንደ ተመረገ ወለል በሥርዓት የተደረደሩ በመሆናቸው፣ በካምብሪጅ የነበሩት ሪቻርድ ሄንደርሰንና ናይጀል አንዊን የፕሮቲኑን ቅርጽ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለማየት ተነሡ፤ በ1975 እ.ኤ.አ. ሰባቱን ምሰሶዎች የሚያሳይ ካርታ አወጡ። ከሽፋን ፕሮቲኖች መካከል ቅርጹ እንዲህ የታየ ከዚያ በፊት አልነበረም። ሄንደርሰን ግን በዚህ አልረካም፤ እያንዳንዱ አቶም የተቀመጠበትን ስፍራ የሚያሳይ ሥዕል እስኪያገኝ ድረስ አሥራ አምስት ዓመት ደከመ፤ በ1990 እ.ኤ.አ. ተሳካለት። ለዚህ ሲል ያሻሻለው ዘዴ ከሌሎች ሊቃውንት ሥራ ጋር ተጣምሮ ዛሬ ፕሮቲኖችን በማይክሮስኮፕ የማየት ጥበብ ሆኗል፤ እርሱም ከዣክ ዱቦሼና ከዮአኪም ፍራንክ ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። በ2020 እ.ኤ.አ. ዓለም በወረርሽኝ ሲጨነቅ የኮሮና ቫይረስ ከሰው ሕዋስ ጋር የሚጣበቅበት ፕሮቲን ቅርጽ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊታይ የቻለው በዚሁ ዘዴ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ስለ አንድ ፕሮቲን! በእኛ አገር የምርምር ገንዘብ አመዳደብ ሄንደርሰን በሦስተኛው ዓመት ሥራውን እንዲተው በታዘዘ ነበር።

በ2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኦዴድ ቤዣ፣ ኤድዋርድ ዴሎንግና ባልደረቦቻቸው በካሊፎርኒያ ከሞንተሬይ ወሽመጥ የተቀዳ ውኃ ሲመረምሩ፣ በተለመደው ባሕር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ተመሳሳይ ፕሮቲን እንዳላቸው አገኙ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በብርሃን ፕሮቶን ማውጣት በጨው ኩሬ ያሉ ጥቂት ፍጥረታት ልዩ ጠባይ መስሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በውቅያኖስ ገጽ ላይ የተስፋፋ ሥራ መሆኑ ታወቀ። በብርሃን የሚተዳደር ሕይወት ሁሉ በቅጠል አረንጓዴነት ብቻ የሚተዳደር ይመስለን የነበርን ሁሉ ትምህርታችንን ማስተካከል ግድ ሆነብን።

ከሁሉ ይልቅ የሰውን ልብ የሚነካው ግን በመጨረሻ የመጣው ነው። ፔተር ሄጌማን በኦስተርሄልት ዘንድ ሲማር፣ ፕሮቶንን ሳይሆን ክሎራይድን በብርሃን ኃይል ወደ ውስጥ የሚያስገባውን የጨው ውኃውን ፍጥረት ሌላ ፕሮቲን ያጠና ነበር፤ በኋላም ከጌኦርግ ናጌልና ከኤርንስት ባምበርግ ጋር ሆኖ፣ በአንዲት አረንጓዴ ደቂቅ አልጌ ውስጥ ብርሃን ሲነካው እንደ በር ተከፍቶ ቅንጣቶችን የሚያሳልፍ የዚያው ወገን ፕሮቲን መኖሩን በ2002 እና በ2003 እ.ኤ.አ. አስታወቀ። በ2005 እ.ኤ.አ. ካርል ዳይሰሮዝ፣ ኤድ ቦይደንና ባልደረቦቻቸው ይህን ፕሮቲን በነርቭ ሕዋስ ውስጥ አስገብተው፣ ነርቭን በብርሃን ማሠራት እንደሚቻል አሳዩ። ነርቭን ዝም ለማሰኘት ደግሞ ከሙት ባሕር የተገኘ የአንድ አርኪያ ፕሮቶን አውጪ ፕሮቲን በ2010 እ.ኤ.አ. ተመረጠ፤ ብርሃን ሲያርፍበት ፕሮቶንን ከነርቩ ስለሚያወጣ ነርቩ መልእክት ማስተላለፉን ያቆማል። በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ ከአርባ ዓመት በፊት በዘር የሚተላለፍ የዓይን ሕመም ተገኝቶበት በኋላ የታወረ የ58 ዓመት ሰው፣ በብርሃን የሚከፈተው ፕሮቲን መሠሪያ ጂን በዓይኑ ውስጥ ከተደረገለትና ብርሃንን የሚያጎላ መነጽር ከተሰጠው በኋላ፣ በፊቱ የተቀመጡትን ዕቃዎች ለይቶ ሊያገኛቸው፣ ሊቆጥራቸውና ሊዳስሳቸው ቻለ። ይህ ሙሉ ፈውስ አይደለም፤ የፊት መልክ መለየትና መጽሐፍ ማንበብ ገና አልተቻለም፤ ሆኖም ምንም ነገር መለየት ለማይችል ሰው ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደ ሆነ ዓይነ ስውር ወዳጅ ወይም ዘመድ ያለው ሁሉ ይፈርዳል። በዚያው ዓመት ኦስተርሄልት፣ ሄጌማንና ዳይሰሮዝ የላስከርን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ፤ ኦስተርሄልትም በሚቀጥለው ዓመት ዐረፈ።

እንግዲህ ሽቶኬኒዩስ በ1960ዎቹ በጉባኤ ፊት ቀርቦ «የጨው ኩሬ ደቂቅ ፍጥረት ሽፋን ለምን ይጠናል?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ለዕውር ብርሃን ለመስጠት ነው ብሎ ሊመልስ አይችልም ነበር፤ ቢልም ሐሰተኛ በተባለ ነበር፤ እርሱም አላሰበውም። የሚችለው ብቸኛ መልስ «እንዴት እንደ ተሠራ ስለማላውቅ ነው» የሚል ነበር፤ እኔም ይህ መልስ በቂ ነው እላለሁ። ድኻ አገር የበለጸጉትን መምሰል አይገባትም፣ እነርሱ ያገኙትን ተቀብላ ብትጠቀምበት ይሻላል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ይህን የሚሉትም አገራቸውን የሚወዱ ሰዎች ስለ ሆኑ ቃላቸው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን የሌላውን ዕውቀት መቀበል ራሱ ዕውቀት የሚጠይቅ መሆኑን ይዘነጋሉ፤ ራሱ ጠይቆ፣ ለክቶ፣ ተሳስቶ ያረመ ተማሪ በሌለበት አገር ከውጭ የመጣው መሣሪያ በሣጥኑ እንደ ታሸገ ይቀራል። ደግሞም በራሳችን ልማድ ዕውቀት ስለ ራሱ የሚከበር እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል፤ በጉባኤ ቤት ቁራሽ እየለመነ ቅኔና ባሕረ ሐሳብ፣ ትርጓሜና ዜማ ሲማር ብዙ ዓመት የሚኖረውን ተማሪ «ይህ ምን ያተርፍልሃል?» ብሎ የሚያሳፍረው ሽማግሌ አልነበረም፤ ያገሩ ሰው ምግቡን ከእርሱ ጋር ይካፈል የነበረው የመማሩን ክብር ስለሚያውቅ ነው። ይህ ጠባይ ካባቶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲዎቻችን አለመተላለፉ ያሳዝነኛል።

ነገሩ ወደ እኛ አገር በቀጥታ የሚመጣበትም መንገድ አለ። በአፋር ምድር፣ ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳሌ ሐይቅና ዙሪያው ያለው የጨው ሜዳ ለብዙ ዘመን አሞሌ የተቆረጠበት፣ ከዚያም በግመል ተጭኖ እስከ ደጋው የተወሰደበት ስፍራ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በዚህ ሐይቅና በጨው ሜዳው ውስጥ ጨው ወዳድ የሆኑ እጅግ ብዙ ዓይነት አርኪያዎች እንደሚኖሩ ገልጧል፤ በአጠገቡ ባለው በዳሎል ጉብታ ላይ ባሉት በአሲድ የተሞሉ ኩሬዎች ግን ሕይወት አላገኘም፤ በዚያው ዓመት ሌላ ጥናት ደግሞ በዳሎል ደቂቃን ፍጥረታት አሉ ብሎ ነበር። ሕይወት በምድር ላይ እስከ የት ድረስ ሊደርስ ይችላል የሚለው የዓለም ታላቅ ክርክር በኢትዮጵያ መሬት ላይ ሲካሄድ፣ ጥያቄውን ያነሡትም የመለሱትም በአብዛኛው ከውጭ የመጡ ሊቃውንት ናቸው። መምጣታቸውን አልነቅፍም፤ ክብር ይገባቸዋል። የእኛ ተማሪዎች በዚያ በብዛት አለመገኘታቸው ግን ሊያሳስበን ይገባል።

ስለ ጄኔቲክ ሀብትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይህን የመሰለውን ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይጠብቀዋል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን አዋጅ የሚጠብቀው ያለውን ነው፤ ምን እንዳለ የሚያስታውቀው ምርምር ብቻ ነው። ከሙት ባሕር የተገኘው ፕሮቲን በዓለም ዙሪያ ባሉ ቤተ ሙከራዎች የነርቭ መመርመሪያ ሊሆን የበቃው አንድ ሰው ቀደም ብሎ በዚያ ውኃ ውስጥ ምን እንደሚኖር በትዕግሥት ስለ መረመረ ነው፤ በአሳሌ ውኃ ያሉት አርኪያዎች ምን ዓይነት ፕሮቲን እንዳላቸው፣ ብርሃኑንስ በምን ቀለም እንደሚቀበሉ እያንዳንዳቸውን አሳድጎ መመርመር ያስፈልጋል። የዚህ ሥራ መጀመሪያ ከኃይላችን በላይ አይደለም፤ ፍጥረቱን በጨው ውኃ ማሳደግ፣ በንጹሕ ውኃ አፍርሶ ሐምራዊውን ሽፋን መለየት፣ ብርሃን አብርቶ የአሲድነቱን ለውጥ በፒኤች መለኪያ ማየት፣ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ያለ ደኅና ቤተ ሙከራ ሁሉ ሊያደርገው የሚችል ነው፤ ለወጣት ተማሪዎችም ፕሮቶን በብርሃን ሲወጣ በዓይናቸው ከማየት የሚበልጥ ትምህርት አላውቅም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የምርምር ዩኒቨርሲቲ ተብለው የተለዩት ሁሉ ከምርምር ገንዘባቸው ዐሥራቱን፣ ጥቅሙ ገና ለማይታወቅ ነገር ግን ጥያቄው ለጠራ ጥናት ይለዩ፤ የሚመዝኑትም የጥያቄውን ጥራትና የተመራማሪውን ትጋት እንጂ የሚያስገኘውን ትርፍ አይሁን። ለአሳሌ ቅርብ የሆኑት የሰመራና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ፣ የአፋር ሽማግሌዎችን አስፈቅደውና የስፍራውን ተወላጅ ወጣቶች አስከትለው፣ የሐይቁን ውኃ ደቂቃን ፍጥረታት እየለዩ የሚያስቀምጡበትን ቤት በአንድነት ያቋቁሙ፤ ገንዘቡን የሚፈቅዱት ሹማምንትም ውጤቱን በሦስት ዓመት ሳይሆን በአሥራ አምስት ዓመት ለመጠየቅ ተስማምተው ይፍቀዱላቸው።